አባቴ ያረመው ሳክስፎን

ሰይፈሥላሴን ሳክስፎን ያስተማረው አባቴ ነው።

ይህን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ላገኘሁት ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ለክፍል ጓደኞቼ ነግሬያለሁ። በሠርጌ ቀን ለሚዜዎቹ ነግሬያለሁ። አንድ ጊዜ ጥርሴን ሊነቅል ጉጠት ይዞ የቆመ ሐኪም አፍሽን ክፈቺ ሲለኝ፣ ከፍቼ ይህንኑ ነግሬዋለሁ። ማስረጃም አለኝ። "ጉም በጣርማ በር" በተባለው ሸክላ ማቀፊያ ወረቀት ላይ፣ በሰይፈሥላሴ በራሱ እጅ፣ "ለአቶ ይስማው፤ ልክ ነዎት" ተብሎ ተጽፎ ተፈርሞበታል። አንድ የአዲስ አበባ ሸክላ ሰብሳቢ በቤት ልለውጥሽ ብሎ ለምኖኝ እምቢ ብዬዋለሁ። ቤት ባይሆንም ቴሌቪዥን ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ግን ትልቅ ነበር።

አምና ልጄ "እማዬ፣ የአያቴ ሙዚቃ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል" ብላ ስልኳን አቀበለችኝ። አንድ ደግ ሰው ከሸክላው ገልብጦ ጭኖታል። ሰማሁት፤ ደሜ ፈላ። ሳክስፎኑ ቀጥኗል። ከበሮው ውሻ እንደሚያባርረው ሰው ይሮጣል። ጉሙ የለም። ከሥሩ ደግሞ የጃዝ ወዳጆች ተሰብስበው ይፈርዳሉ፤ አንዱ የትንፋሹን አያያዝ ያደንቃል፤ ሌላው "እኔ በአካል ሰምቼዋለሁ፤ ሸክላው ሩቡን አይሆንም" ይላል። እኔም እጄን ሰብስቤ አልተቀመጥኩም፤ "ይህን ያበላሻችሁት ማናችሁ? ሙዚቃው እንዲህ አይሮጥም! የይስማው ልጅ ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ" ብዬ ጻፍኩ። አራት መቶ ሰው ተረባረበብኝ። እሺ፣ አሥራ አንድ። ለሦስት ቀን ለብቻዬ መከትኳቸው። በአራተኛው ቀን አንድ ጨዋ ሰው፣ "እኅቴ፣ ምናልባት የእናንተ ማጫወቻ ፍጥነቱ ሠላሳ ሦስት ላይ ሆኖ ይሆናል፤ ይህ ሸክላ በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ የሚዞር ነው" አለኝ።

ስልኩን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ፤ እንድትፈርድልኝ። እናቴ ሸዋወርቅ ሰማንያን ተሻግራለች፤ ጆሮዋ ግን የድመት ነው። ጨዋው ሰው የጻፈውን አነበብኩላት። ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ እስክትወትፍ ሳቀች።

"አይ ሰርኬ! አርባ ዓመት ሙሉ ስትፎክሪ!"

ከዚያ ነገረችኝ። እኔ ያየሁትን ላውራችሁ፤ እሷ የነገረችኝን በየቦታው አስገባዋለሁ።

በ1979 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ የነበረው ሰው አባቴ ብቻ ነው። በኋላ ሳጣራ ሌሎችም ነበራቸው፤ የእነሱ ግን ዘፈን ነበር የሚያጫውተው፤ የእኛ ጃዝ። አባቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። እዚያ ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ሰው የሚግባባው በምልክት ነው፤ አባቴም ምልክቱን ይዞት ቤት ይገባል። ጨው ሲፈልግ ሁለት ጣቶቹን ያሻሻል። ሲቆጣን ጉንጩን ይነፋል። በቃኝ ለማለት መዳፉን ሆዱ ላይ ያሳርፋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ስኒ አይሞላም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን አባቴ ሌላ ሰው ነው። ማጫወቻዋን ከአልጋው ሥር ያወጣታል፤ የተጠቀለለችበትን ብርድ ልብስ ይገልጣል፤ መርፌዋን በትንፋሹ እፍ ይላል። ከዚያ ይናገራል። ስለ አንዲት የሳክስፎን ትንፋሽ ግማሽ ሰዓት ይናገራል። እናቴ ጓዳ ሆና የምታጥበውን ዕቃ አቁማ ታዳምጠዋለች። እኔ ውኃ የምትቆጥብ ይመስለኝ ነበር።

ጓደኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የአቋቋም መምህሩ የኔታ ወልደአረጋይ ናቸው። መቋሚያቸውን ደጅ አቁመው፣ ድምፃቸውን ለጎረቤት ከፍ አድርገው "ሕመምተኛ ልጠይቅ መጣሁ!" ብለው ይገባሉ። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የአሜሪካ ሳክስፎን ሊሰማ ሄደ እንዳይባል ነው። ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው፤ ያኔ እናቴ በየሳምንቱ እሑድ የምትታመም መስሎኝ ቅዳሜ ማታ እጸልይላት ነበር።

ሁለተኛው ጋሽ ገብረአማኑኤል ነው። ጋሽ ገብሬ ነበር የምንለው። የኤንትሬ ሹፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ አስመራ የጭነት መኪና ይነዳል። ሸክላዎቹን ሁሉ የሚያመጣው እሱ ነው፤ በመቀመጫው ሥር፣ በሸሚዝ ጠቅልሎ። አዲስ አበባ ሲያድር ትላልቅ ሆቴሎች ደጅ ቆሞ ባንዶቹን ይሰማል። ስለዚህ ከሁሉም ይበልጥ አውቃለሁ ባይ ነው፤ አፉም እንደ መኪናው ጥሩምባ ነው።

ደንብ ነበራቸው። የሸክላው አንድ ፊት ካለቀ በኋላ ሁሉም ሳይፈርድ ሁለተኛው ፊት አይገለበጥም። መጀመሪያ እንግዳ፣ ቀጥሎ ሊቅ፣ መጨረሻ የቤቱ ባለቤት።

"ሰውየው አራራይ ነው የገባው" ይላሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "ሲወርድ ልብ በሉ፤ ዕዝልን ነካ አድርጎ ይመለሳል።"

"የኔታ፣ ሰውየው እኮ ጥቁር አሜሪካዊ ነው!" ይላል ጋሽ ገብሬ።

"ይሁና! ያሬድን ያስተማሩት ወፎች ከዚያ ወዲህ የት እንደበረሩ አንተ በምን ታውቃለህ?"

ዘፋኝ ያለበት ሸክላ ግን ቤታችን አይሰማም። አንድ ጊዜ ሞክረው ነበር። ያ ሬዲዮ ላይ ድምፁ ማር የሆነው ዘፋኝ ከእኛ ማጫወቻ ሲወጣ እንደሚያጓራ በሬ ነው የሆነው። ሦስቱም ተያዩ።

"ታሟል" አሉ የኔታ።

"አይደለም" አለ አባቴ። "ሬዲዮ ሰውን ያቀጥናል፤ ሸክላ እውነቱን ያወጣል። ለዚህ ነው ጃዝ ቃል የማይፈልገው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጃዝ ማለት ቃል የሌለው ማለት ሆነ። እኔም ይህን ሕግ በየትምህርት ቤቱ አስተምሬያለሁ።

ከሁሉም ሸክላ አባቴ የሚወደው የሰይፈሥላሴን "ጉም በጣርማ በር" ነበር። ሳክስፎኑ ከመሬት በታች እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ ይነሣል፤ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ያስባል። አባቴ ሲሰማው እጁ አየር ላይ ይቀራል። ጋሽ ገብሬ ግን በዚህ ሸክላ ላይ አንድ ቀን ተስማምቶ አያውቅም።

"እኔ ሆቴል ደጅ በአካል ሲጫወተው ሰምቻለሁ፤ እንዲህ አይንቀራፈፍም! የጣርማ በር ጉም ይሮጣል፤ በየሳምንቱ መስታወቴ ላይ የሚመጣብኝ እኔ ነኝ!"

"ጉሙ አይደለም የሚሮጠው፤ አንተ ነህ" አለው አባቴ። "ወርደህ ቆመህ አይተኸው ታውቃለህ?"

"በአካል ሰማሁ እያልኩህ!"

"በአካል ሲሆን የምታየው ጫማውን ነው። በሸክላ ግን ልቡን ትሰማለህ።"

እንዲህ እየተባባሉ ሳሉ ነው ኅዳር መጨረሻ ላይ ወሬው የመጣው፤ ለመሠረተ ትምህርት ተመራቂዎች በዓል ከአዲስ አበባ ባንድ ይመጣል፤ ሰይፈሥላሴ አለበት። ጋሽ ገብሬ ከመቀመጫው ተነሣ።

"እንግዲያውስ እንወራረድ! እንደ ሸክላህ ከተጫወተው እኔ ሁለተኛ ስለ ሙዚቃ አፌን አልከፍትም። እንደኔ ከሆነስ?"

"እኔ አልከፍትም" አለ አባቴ።

የኔታ ምስክር ሆኑ፤ ሁለቱም በፊታቸው አማተቡ። ከጓዳ አንድ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። እናቴ እጇ የዛለ መስሎኝ ነበር። አሁን ስትነግረኝ፣ "በኔ እሑድ ነበር የተወራረዱት" አለችኝ። አባቴ አፉን ከዘጋ በዚያ ቤት ሰባቱም ቀን ሰኞ ነበር የሚሆነው።

በዓሉ ታኅሣሥ ውስጥ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ነበር፤ ባይሆን ሦስት መቶ፤ ግን ሁላቸውም ጋቢና ካፖርት ስለደረቡ ሚሊዮን ያህሉ ነበር። ብርዱ የሰውን ትንፋሽ ያስጨሳል። የአውራጃው አስተዳዳሪ ከፊት ተቀምጠዋል፤ በየግድግዳው ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። እኔ አባቴ ጉልበት ላይ ነበርኩ። እናቴ "ሕመምተኛዋ ዛሬ ተሽሏታል" ብላ የኔታን አስቃ ከጎናችን ተቀመጠች።

ከሸክላው ድምፅ ተነሥተን ሰይፈሥላሴን ሽበታም፣ ሆዱ የገፋ፣ ግዙፍ ሰው አድርገን ነበር የምናስበው። የወጣው ቀጭን፣ አጭር፣ ካፖርቱ የሚበልጠው ጎልማሳ ነው።

"ይሄ ልጁ ነው" አለ አባቴ።

ከዚያ ጀመረ። "ጉም በጣርማ በር" ብሎ አስተዋወቀና ነፋው። ፈጣን ነበር። ቀጭን ነበር። ጋሽ ገብሬ ከኋላችን ጭኑን መታ፤ "በል እንግዲህ!" ሲል ሰማሁት። አባቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

"ብርዱ ነው" አለኝ በጆሮዬ። "ቆርቆሮውን ብርድ አጥብቆት ነው የቀጠነው።" ከዚያ፣ "ግን ምን ያሯሩጠዋል?"

ቀጥሎ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። አባቴ እኔን መሬት አስቀመጠኝ፤ ተነሣ፤ በዚያ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በማይወጣ ድምፁ ጮኸ።

"ቀስ በል! ጉሙን ገደልከው!"

ሳክስፎኑ ቆመ። ከበሮውም ቆመ። ከግድግዳው ሁለት ጠብመንጃዎች ወደ እኛ ተራመዱ። አባቴን አሁን ይረሽኑታል ብዬ ካፖርቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። አስተዳዳሪው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ቅጣት የሚመርጡ መሰለኝ። እናቴ ግን ሰውየው ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ትላለች።

"ማነው?" አለ ሰይፈሥላሴ። ጠብመንጃዎቹን በእጁ አቆማቸው።

"ይስማው እባላለሁ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ።"

"ምን አጠፋሁ ጌታዬ?"

"እንደ ሸክላው ተጫወተው።"

"እንደ ሸክላው እኮ ነው የተጫወትኩት!"

"አይደለም!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እናቴም አልሳቀችም። ሰይፈሥላሴ ወደ መድረኩ ጠርዝ መጣ። "እስቲ ያንጎራጉሩልኝ" አለው።

አባቴ አንጎራጎረ። በሰው ፊት እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አፉን ዘግቶ፣ ከደረቱ፣ ቀስ እያለ፣ በየመሃሉ እየቆመ። ሳቁ በረደ። ሰይፈሥላሴ አንገቱን ዘመም አድርጎ ሰማ፤ ከዚያ ሳክስፎኑን አነሣና በአባቴ እርምጃ ገባ። ከበሮ መቺው ግራ ገብቶት ዱላዎቹን አስቀመጠና በጣቱ ብቻ ቆዳውን መዳሰስ ጀመረ። ያን ሁሉ ካፖርት የለበሰ ሕዝብ ያቀዘቀዘው ብርዱ አልነበረም። ሲያልቅ የጭብጨባው ድምፅ አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ተሰምቷል። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ግን ተሰምቷል።

በሩ ላይ ክርክር ተነሣ።

"መጀመሪያ የተጫወተው በራሱ ነው!" ይላል ጋሽ ገብሬ። "ሁለተኛው ለአንተ ይሉኝታ ነው!"

"መጀመሪያ ተሳስቶ ነው። ታረመ" ይላል አባቴ።

የኔታ መሃል ገብተው፣ "ዳኛው ሸክላው ይሁን" አሉ። ሰይፈሥላሴም ሰምቶ ኖሮ፣ "ነገ ከመሄዴ በፊት ያን ሸክላ አሰሙኝ" አለ። አባቴ ሰኞ የጠዋት ተረኛ ነበር፤ ማሽኑን ጥሎ መቅረት አይችልም። ጋሽ ገብሬን ዓይን ዓይኑን አየውና፣ "አንተ ሂድ፤ አንተ ፍረድ። ሸዋዬ ትኑር" አለ። ይህን ሁሉ እምነት በተቀናቃኙ ላይ የጣለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። እንግዶቹ ሲገቡ እናቴ ወደ ጎረቤት ላከችኝ፤ እኔ ግን ዞሬ በመስኮቱ ስንጥቅ ተለጠፍኩ። ድምፅ ብዙም አይሰማም፤ የሚሰማው ሳክስፎኑ ብቻ ነው። የማየው ግን በደንብ ይታያል።

ሰይፈሥላሴ ወደ ማጫወቻዋ ጎንበስ አለ። ቀና አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። አለቀሰ አልኩ በልቤ፤ ስሕተቱን አውቆ አለቀሰ! ጋሽ ገብሬ ደግሞ እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ዘለለ፤ ከዚያ ጣቱን ወደ ማጫወቻዋ ዘረጋ። ሊሰብራት ነው! እናቴ እጁን ጧ አድርጋ መታችው። ጎሽ የኔ እናት። ለረጅም ጊዜ ቆመው ተነጋገሩ። ሸክላው እንደገና ተጫወተ፤ አሁን ሦስቱም ተቀምጠው ነበር። ሰይፈሥላሴ እስክሪብቶ ጠየቀና ማቀፊያው ላይ ጻፈ።

አባቴ ማታ ሲገባ ወረቀቱን አነበበ። ጉንጩን አልነፋም፤ ጣቱን አላሻሸም። ሰኞ ሆኖ ሳለ ተናገረ። "አየሽ ሸዋዬ?" አለ።

ለአርባ ዓመት ስናገር የኖርኩት ይህን ነው። አሁን እናቴ የነገረችኝን ስሙ።

ፍጥነት የምትቀይረዋን ቁልፍ የሰበረቻት እሷ ነበረች። ከዓመታት በፊት፣ ማጫወቻዋ ገና እንደተገዛች፣ አቧራ ስትወለውል። አባቴ እንዳያዝንባት ሠላሳ ሦስት ላይ አቁማ በማስቲካ ለጠፈቻት። ምን እንዳደረገች ግን አታውቅም ነበር፤ ያወቀችው ያን ጠዋት ሰይፈሥላሴ ጎንበስ ብሎ ማስቲካዋን ሲያይ ነው። ትከሻው የተርገፈገፈው በሳቅ ነበር። ጋሽ ገብሬ "አልኳችሁም! የአርባ አምስቱን በሠላሳ ሦስት! አልኳችሁም!" እያለ ሲዘል ነበር እኔ ያየሁት። ጣቱን የዘረጋው ቁልፏን ሊያላቅቅ ነው። እናቴም እጁን መታችና እንዲህ አለችው፦

"ገብሬ፣ እሷን ከከፈትክ የይስማው አፍ ይዘጋል። ስድስት ቀን ጨው በጣቱ የሚጠይቅ ባል ነው ያለኝ። እሑዴን አትውሰድብኝ።"

ከዚያ ሰይፈሥላሴ እንደገና አጫውቱልኝ አለ። በሁለተኛው ላይ፣ ትላለች እናቴ፣ አልሳቀም። ሙዚቃውን የጻፈው ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ መኪናቸው ተበላሽቶ ግማሽ ቀን በጉም ውስጥ ቆመው ሳለ ነበር። ሊቀዳ ሲገባ ግን ሸክላው በአንድ ፊት አይችለውም አሉትና አጣደፈው። ከዚያም እንደ ሸክላው እያጣደፈ ሲጫወተው ኖረ፤ የመጀመሪያውን ረሳው።

"እትዬ፣ ማስቲካዋን አይንኩብኝ" አላት። "የተቀማሁትን ደቂቃ የመለሰችልኝ እሷ ናት።"

እስክሪብቶውን የጠየቀው ያኔ ነው። ልክ ነዎት ብሎ የጻፈው አዝኖ ወይም ፈርቶ አልነበረም፤ እውነቱን ነበር። ፍርዱ ግን የእሱ አልነበረም። አባቴ የሰየመው ዳኛ ጋሽ ገብሬ ነው። እሱ ደግሞ ረትቷል፤ ማስረጃውም ዓይኑ ሥር ነው።

"ረጅም ጊዜ ቁልፏን ቆሞ አያት" አለችኝ እናቴ። "ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና፣ 'ሸዋዬ፣ ጠላ አለሽ?' አለኝ። ጠጣ። 'ተረታሁ በዪው' አለና ወጣ።"

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ገብሬ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ የኔታ ባሉበት፣ "ይስማው፣ ተረትቻለሁ" አለ። አባቴ ተነሥቶ ወንበሩን ሳበለት። ሸክላው ተጫወተ፤ አንዱ ፊት አለቀ። እንግዳ መጀመሪያ ነውና ሁሉም ወደ ጋሽ ገብሬ ዞሩ። እሱ ራሱን ነቀነቀና ተራውን ለየኔታ አሳለፈ።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልናገር። ምላሴን አወጣሁበት። "ተረታ! ተረታ!" እያልኩ ወንበሩን ዞርኩት። እሱም ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ጉቦ መስሎኝ ተቀብዬ እንደገና ምላሴን አወጣሁበት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መጣ። ከተማ ባለበት እሑድ ሁሉ፣ በዚያው ወንበር። ከአስመራ፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ ሸክላ እያመጣ፣ አባቴ ሲተነትን ይሰማል። አባቴ ከመጠን ያለፈ ነገር ሲናገር፣ ይናገርም ነበር፣ ይህን ከማን እንደወረስኩ ታውቃላችሁ፣ ጋሽ ገብሬ ቆሎ አፉ ሙሉ ጨምሮ እንደ ወፍጮ ያደቃል። በሽንፈቱ አፍሮ ዲዳ የሆነ ይመስለኝ ነበር። ያ ጥሩምባ አፍ! በዚያ ቤት በእውነት ሆቴል ደጅ ቆሞ የሰማው እሱ ብቻ ነበር። እኔ በሕይወቴ ያገኘሁትን ሁሉ አግዝፌ ነው ያወራሁት፤ ረትቶ ተረታሁ ያለ ሰው ግን ጎኔ ተቀምጦ ከረሜላ ሲሰጠኝ አላየሁትም።

እናቴ ነግራኝ በጨረሰች በሳምንቱ ሰላ ድንጋይ ሄድኩ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጋሽ ገብሬ የሚኖረው እዚያ፣ በአባቱ መሬት ላይ ነው። በራሴ መኪና ነው የሄድኩት፤ የተከራየሁት ቢሆንም ለዚያ ቀን የራሴ ነበር። ደጁ ላይ ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ይሞቃል።

"የይስማው ልጅ!" አለኝ። "ምላስሽ ደኅና ነው?"

"ጋሼ፣ ላመሰግንህ ነው የመጣሁት።"

"ለምኑ?"

"ለቁልፏ። እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች።"

"የምን ቁልፍ? ሸዋዬ አርጅታለች።" ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። "አባትሽ ረታኝ። የኔታ ባሉበት ነው። አለቀ።"

ስልኬን አወጣሁና "ጉም በጣርማ በር"ን ከፈትኩለት፤ የሚሮጠውን። ሲሰማ ዓይኑ ጠበበ፤ እግሩ ከጋቢው ሥር መሬቱን መምታት ጀመረ። ሲያልቅ፣ "እንዴት ነው ጋሼ?" አልኩት። ከንፈሩን ገጠመ። ያው የድሮ ፊቱ ነው፤ ቆሎው ብቻ ነው የጎደለው።

"አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው" አልኩት። "የኔታም የሉም። እኔ ወራሹ ነኝ፤ ቃልህን መልሼልሃለሁ። ተናገር።"

"መመለስ ትችያለሽ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ እኔ የማልችለው ምን አለ እለው ነበር። "አላውቅም" አልኩት። "ግን መስማት እፈልጋለሁ።"

"ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት። መሃል ላይ ሲደርስ ጣቱ ከጋቢው ውስጥ ተወርውሮ ወጣ።

"እዚህ ጋ! ሰማሽ? ቤዝ ጊታሩን የያዘው ልጅ! ሳክስፎኑ ሲነሣ እሱ እንደተኛ ነው! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ልጅ ልሰድበው ስል ቁጭ ብዬ...! አባትሽ እኮ አንድ ቀን ሰምቶት አያውቅም፤ በዚያች ቀርፋፋ ማሽን ላይ ቤዙ መሬት ገብቶ..."

አለና ቆመ። አየኝ። አፉን በመዳፉ ያዘ፤ ግን ወጥቷል።

"ቀጥል፣ ጋሼ" አልኩት።

ቀጠለ። ስለ ከበሮ መቺው ፈረደ፤ ስለ ሆቴሎቹ አወራ፤ ስለ ሰማቸው ሰዎች፣ ሳይሰማ ስላመለጡት ሰዎች፣ አባቴ ልክ ስለነበረባቸው ሰባት ነገሮችና ስላልነበረባቸው ሃያ። የመኪናዬ ሾፌር ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ደጁን ሞላው። እኔ እግሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እስኪመሽ ድረስ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።